መዳፍ ላይ የሚነገር ወሬ

ልጄ የእኔን መምጣት የምታውቀው ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድማ ነበር። የምነዳው ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ነው፤ ከጅቡቲ ስመለስ አዳማ ከቤታችን ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ አቆመዋለሁ። ባለቤቴ እንደምትለው፣ እኔ ገና ከአስፋልቱ ወርጄ ኮረኮንቹን ስጀምር፣ የሞተሩ ድምፅ ለማንም ሳይሰማ፣ ልጅቷ ከተቀመጠችበት ቀና ትላለች። መዳፏን ሲሚንቶው ላይ ትለጥፋለች። ትንሽ ትቆያለች። ከዚያ እየዳኸች ወደ በሩ ትሄዳለች። ታላቅ ወንድሟ እሷን አይቶ "አባዬ መጣ!" ብሎ ይጮኻል። በር ላይ ስደርስ እግሬን ይዛ ትነሳለች፣ ጎንበስ ስልላት ጺሜን በሁለት እጇ ታሻለች፣ ሸሚዜን ታሸታለች። ናፍጣ፣ ላብና የመንገድ አቧራ። አባቷ ያ ነበር።

አታይም፣ አትሰማም።

ስትወለድ እንዲህ አልነበረችም። ድክ ድክ ማለት በጀመረችበት ሰሞን ትኩሳት ያዛት። እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ሚሌ ላይ ስልክ ደረሰኝ፣ ጭነቴን ይዤ መመለስ አልችልም፣ ረዳቴ አጠገቤ ሆኖ የማይሆን ነገር እያወራ ሊያጽናናኝ ይሞክራል። ማጅራት ገትር ነው አሉ ሐኪሞቹ። ነፍሷ ተረፈች። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ግን ስንጠራት አትዞርም፣ የእጅ ባትሪ ፊቷ ላይ ስናበራ ዓይኗን አትጨፍንም። አዲስ አበባ ወሰድናት። ጠበልም አመላለስናት። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ዶክተር ዓይኗም ጆሮዋም እንደማይመለስ ሲነግሩን፣ ባለቤቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ታውቀኛለች?"

"በጠረንሽ ታውቅሻለች" አሏት።

ባለቤቴ የሁሩታ ሰው ናት፤ ዕንባዋን ለሰው አታሳይም። ልጅቷን አዝላ ወጣች። እስከ አምስት ዓመቷ ድረስም የልጃችን ኑሮ እዚያው ጀርባ ላይ ሆነ።

የራሷ ጥቂት ምልክቶች ነበሯት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ ስታደርግ ርቧታል ማለት ነው፤ ቀሚሷን ስትጎትት ሽንቷ መጥቷል። ከዚህ ውጪ የሆነ ነገር ስትፈልግ ግን ማንም አያውቅላትም። ያን ጊዜ ትነክሳለች፣ ግንባሯን ከግድግዳው ጋር ታላትማለች። እናቷ ሮጣ እጇን በግንባሯና በግድግዳው መሀል ታስገባለች። በእነዚያ ዓመታት የባለቤቴ የእጅ ጀርባ ሳይበልዝ ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ለትምህርት ስትደርስ ይዘናት ዞርን። ማየት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ክፍል ወሰድናት፤ መምህሩ ጥሩ ሰው ነበር፣ ግን "እዚህ ልጆቹ የሚማሩት በጆሯቸው ነው" አለን። መስማት የተሳናቸው ወደሚማሩበት ወሰድናት። እዚያም "የኛዎቹ የሚማሩት በዓይናቸው ነው" አሉን። ባለቤቴ ከግቢው ስንወጣ ቆመችና፣

"እንግዲህ የኔ ልጅ በምኗ ትማር?" አለችኝ።

በማግስቱ ጭነት ነበረብኝና ሄድኩ።

ነገሩን ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የነገረችው ቤት ለቤት የምትዞረው የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ከጽሕፈት ቤቱ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ የሆኑ ሴትዮ መጡ። እኔም ያን ቀን ቤት ነበርኩ። ወንበር አቀረብንላቸው፤ ትተውት ልጅቷ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ብዙ ሰዓት ዝም ብለው አዩአት። መዳፏን ወለሉ ላይ ስትለጥፍ፣ የእናቷን ቀሚስ ጫፍ ስታሸት፣ የወንድሟን ጫማ ከእኔ ጫማ ለይታ ስትወረውር አዩአት። ሲነሱ፣

"እንዲህ ያለ ልጅ በከተማችን አስተምረን አናውቅም" አሉ። "አንችልም ልላችሁ ግን አልመጣሁም።"

ቃል ብቻ መስሎኝ ነበር። ወራት አለፉ፣ ክረምቱም ወጣ። ከዚያ አንድ ቀን መምህሯ መጣች።

ወጣት ናት፣ የአርሲ ልጅ፣ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው። ቤታችን ስትገባ "አካም ጅርቱ" ብላ ነው የምትጀምረው፤ ወንዱ ልጄ ከእሷ ተምሮ መንደሩን ሁሉ እንደዚያ ሰላም ማለት ጀምሮ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ ልኮ ካሠለጠናት በኋላ በሳምንት የተወሰነ ቀን እኛ ቤት እንድትመጣ መደባት። ግራ እጇ ላይ ሰፊ የቆዳ አምባር ታደርጋለች። መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ያንን አምባር ለልጅቷ ማስነካት ነው። ሁልጊዜ፣ ከምንም ነገር በፊት።

"ለምንድን ነው?" አልኳት።

"ማን እንደመጣባት ማወቅ አለባት ጋሼ። እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው የማያውቁት ሰው ድንገት ቢይዝዎት ምን ይሰማዎታል?"

ሌላም ነገር አየሁ። እኛ ልጅቷን አንድ ነገር ልናስነካት ስንፈልግ እጇን ከላይ ጨብጠን ነበር የምንጎትታት። መምህሯ የራሷን እጅ ከልጅቷ እጅ ሥር ነው የምታስገባው። የእሷ ከታች፣ የልጅቷ ከላይ። "ስትፈልግ ትከተለኛለች፣ ካልፈለገች ትለቀኛለች" አለችን። የእጅ ምልክቱንም የምትሠራው እንደዚያው በልጅቷ መዳፍ ሥር ነው። ከምግብ በፊት ማንኪያ ታስይዛታለች፣ ከገላ መታጠብ በፊት ቁራጭ ሳሙና፣ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት የነጠላ ቁራጭ። ዕቃዎቹን በካርቶን ውስጥ በተርታ አስቀመጠቻቸው። ልጃችን የቀኑን ውሎ በጣቶቿ እየዳሰሰች፣ አሁን ምን እንደሚመጣ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ማወቅ ጀመረች።

እውነቱን ለመናገር እኔ ለውጡ አልታየኝም። እመጣለሁ፣ አሁንም ትዳስሳለች፣ አሁንም ዝም ብላለች። አንድ ቀን ለባለቤቴ፣ "ይሄ ሁሉ ድካም ምን አመጣ?" አልኳት።

"ግንባሯን እየው" አለችኝ።

አየሁት። ቁስል የለም። የድሮው ጠባሳ ብቻ ነጣ ብሎ ቀርቷል። የባለቤቴንም እጅ አየሁት፤ ደህና እጅ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁለቱን እያፈራረቅኩ ስመለከት ቆየሁ። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣባት ያወቀች ልጅ ከግድግዳ ጋር የምትጣላበት ምክንያት አልነበራትም።

ከዚያ የስም ነገር መጣ፤ እያንዳንዳችን በመንካት የሚነገር ስም ሊኖረን ነው። ለእናቷ የወጣላት ስም ትከሻ ላይ መታ መታ ማድረግ ነበር፣ እንደ ማዘል። ወንድሟ ጆሮን ቆንጠጥ ማድረግ ሆነ፤ ለምን እንደሆነ ሁለቱ ያውቃሉ። መምህሯ የእጅ አንጓን በጣት መክበብ። እኔ ብቻ ስም አልነበረኝም። ለመምህሯ "ጺሜን አርጊልኝ" ብላት ፈገግ አለችና፣ "እሷ ታውጣልዎት። እንጠብቅ" አለችኝ።

ከአንድ ረጅም ጉዞ በኋላ መኪናዬን ሜዳው ላይ አቁሜ ስገባ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ፊቷ ሌላ ሆኗል። ደንግጬ "ምን ሆናችሁ?" አልኳት።

"ቅድም መዳፏን ወለሉ ላይ አደረገች፣ እንደ ሁልጊዜው" አለችኝ። "ወደ በሩ አልሄደችም ግን። ወደ እኔ መጣች። ክንዴ ላይ መዳፏን ዘርግታ አንቀጠቀጠችው። እንዲህ።" መዳፏን ክንዴ ላይ አድርጋ ቶሎ ቶሎ አንቀጠቀጠችልኝ። "አልገባኝም። ብርድ የመታት መስሎኝ ጋቢ ላመጣ ተነሳሁ። ይዛ አስቀረችኝና ደግማ አደረገችው። ከዚያ የአንተ ሞተር ተሰማኝ።"

ገብቼ ፊቷ ተንበረከክሁ። ጺሜን አሸች፣ ሸሚዜን አሸተተች፣ ከዚያ መዳፏን ደረቴ ላይ ዘርግታ አንቀጠቀጠችው። መኪናው ነበር። የመሬቱ ንዝረት ነበር። አባቷ ነበር። እኔ ለእሷ ስም አውጥቼላታለሁ፣ ካህን ፊት አስጠርቼዋለሁ፣ እሷ ግን ያንን ስም አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም። እሷ ለእኔ አወጣችልኝ፤ ያውም ካላት ሁሉ መርጣ። ያን ቀን ምሳ መብላቴን አላስታውስም።

ይህ ሁሉ ሊቆም የነበረበት ጊዜም አለ። በጽሕፈት ቤቱ አዲስ ኃላፊ ተሾሙና መምህራንን እንደገና መደልደል ጀመሩ። መምህሯ ልትዛወር ነው የሚል ወሬ ሰማን። ባለቤቴ ልጅቷን አለባበሰቻት፤ እኔም ጉዞዬን ለሌላ ሾፌር ሰጥቼ አብረን ሄድን። መምህሯም ባለሙያዋ ሴትዮም እዚያው ነበሩ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም።

"እኔ የምለውን እናንተም ታውቁታላችሁ" አሉን። "መምህር ያጣ ክፍል ሙሉ ልጅ አለ። አንድ መምህር ለአንድ ልጅ ይዤ ለሌላው ወላጅ ምን ልበለው?"

ባለሙያዋ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ልጅቷ ከእናቷ ጉልበት ወርዳ ጠረጴዛውን መዳሰስ ጀመረች። ጠርዙን ተከትላ ዞረች። የኃላፊው እጅ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ደረሰችበት። ሰውየው እጃቸውን አልሳቡም። ጣታቸውን አንድ በአንድ ዳሰሰች፣ ቀለበታቸውን አዞረችው፣ የሰዓታቸውን ማሠሪያ አገኘችና እዚያ ላይ ቆየች። ወደ መምህሯ ዞራ እጇን ፈለገች፤ መምህሯ ሰጠቻት። በመሀላቸው አጭር ነገር ተባለ።

"ምን አለች?" አሉ ኃላፊው።

"'ማን ነው?' ነው የምትለኝ።"

መልሳ እጃቸውን ስትነካቸው ወደ መምህሯ ቀና ብለው፣ "ምን ብዬ ልመልስላት?" አሉ። ይህንን ሲሉ ድምፃቸው ቅድም የነበረው ድምፅ አልነበረም። መምህሯ የሰዓታቸውን ማሠሪያ በልጅቷ ጣት ነካችላቸው፤ ስማቸው ያ ሆነ።

በዚያው ቀን ምንም አልወሰኑም። "እስቲ እንየው" ነው ያሉን። ቆይቶ ግን መምህሯ ለሰፈራችን ትምህርት ቤት ተመደበች። አንድ ትንሽ ክፍል ተጠረገ፤ ጠዋት ጠዋት ከልጃችን ጋር፣ ከሰዓት ከሌሎች የልዩ ፍላጎት ተማሪዎች ጋር እንድትሆን ተደረገ። ምን ብለው እንዳስፈቀዱ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን ወደ ባቱ ወዳደረግነው ጉዞ ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ ከአእምሮዬ የማይወጣው እሱ ነውና።

የስምጥ ሸለቆው ከተሞች ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ተነጋግረው፣ እንደኛ ዓይነት ልጅ ያላቸውን ቤተሰቦች ባቱ ላይ ለማገናኘት አሰቡ። ከአዳማ የሄድነው በጽሕፈት ቤቱ ሚኒባስ ነው። እኔ ተሳፋሪ ሆኜ መሄድ አላውቅበትም፤ ሞጆን አልፈን ቆቃን፣ ዓለም ጤናን፣ የመቂን የሽንኩርት ከረጢቶች እስክናልፍ ድረስ ቀኝ እግሬ ፍሬን እየፈለገ ተቸገርኩ። ልጄ በእኔና በመምህሯ መሀል ተቀምጣ የመኪናውን ግድግዳ በጉንጯ ታዳምጥ ነበር። ወዴት እንደምንሄድ መምህሯ ልትነግራት ሞክራ ነበር፤ "አዲስ ሰው" ከማለት በቀር የምትነግርበት ቃል ግን ገና በመሀላቸው አልነበረም።

አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቡን። ከሻሸመኔ የመጣች እናት ነበረች፣ ከአርሲ ነገሌም እንዲሁ። ከአዳሚ ቱሉ በኩል አንድ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ሴት ልጁን ይዞ መጥቷል። ቆብ ያደረገ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። እሱ አማርኛ ብዙ አይችልም፣ የእኔም ኦሮምኛ የመንገድ ኦሮምኛ ነው፤ በዚያም በዚህም ብለን ተግባባን። ልጁ ከልጄ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ሻሽ አድርጋለች። እሷም አታይም፣ አትሰማም፤ እሷንም የአካባቢያቸው መምህር በእጅ እያስተማራት ነው።

ሁለቱን ምንጣፍ ላይ ፊት ለፊት አስቀመጧቸው። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ልጄ አንገቷን ደፍታ የምንጣፉን ጫፍ ትፈትላለች። ከዚያ ትልቋ እጇን ዘረጋች። አየሩን ዳሰሰች፣ ጎን ለጎን፣ ወደ ታች፣ እስክታገኛት ድረስ። ጉልበቷን ነካች፣ ከጉልበቷ ክንዷን፣ ከክንዷ እጇን አገኘች።

ልጄ በደነገጠች ጊዜ ትንፋሿ ቆም ይላል፤ ያኔም ቆመ። የሁላችንም እጅ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣላት። የእኛ እጅ ሁልጊዜ የት እንዳለች ያውቃል። ይሄኛው ግን እየፈለገ መጣ። እየዳሰሰ፣ እየሳተ፣ እሷ ራሷ ዕቃ ስትፈልግ እንደምታደርገው ሆኖ መጣ። ልጄ ያንን እጅ ያዘች። ገልብጣ መዳፉን ዳሰሰችው፣ ወደ ላይ ወጥታ ፊት አገኘች፣ ዓይኖቹ ላይ ጣቶቿን አሳረፈች፣ መልሳ የራሷን ዓይኖች ነካች። ከዚያ ወደ እጇ ተመልሳ "ማን ነው?" ስትል እኔም ለየሁት፤ ያንን ምልክት አውቀዋለሁና። ትልቋ መለሰችላት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቃል መናገር ይከብደኛል። እጅ ለእጅ ተያይዘው ማውራት ጀመሩ። ሁሉም ምልክታቸው አንድ ዓይነት አልነበረም፤ አንዷ ያላወቀችውን ሌላዋ ደጋግማ ታሳያታለች። ፍጥነታቸው ጨመረ። አንዴ ትልቋ የሆነ ነገር አለቻትና ልጄ ሳቀች። ሳቋ ድምፅ አለው፤ ራሷ ግን ሰምታው አታውቅም። ሻይ ስታድል የነበረችው ሴት እንኳ ትሪዋን ይዛ ቆማ ቀረች። የአዳሚ ቱሉው ሰው አጠገቤ ሆኖ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ይላል፤ እኔም አማተብኩ።

"ምን እያወሩ ነው?" አልኳት መምህሯን በሹክሹክታ።

"አላውቅም" አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። "የሚያወሩት በመዳፋቸው መሀል ነው፤ አይታየኝም። እጄን ካላስገባሁ መስማት አልችልም፤ እጄን ደግሞ አላስገባም።"

ልጄ ከተወለደች ጀምሮ እኛ ነበርን የምናወራላት፣ የምናወራባትም። ያን ቀን ልጄ እኔ የማልሰማው ወሬ ነበራት።

ምሳ እዚያው ባቱ ካለው ሐይቅ የወጣ ዓሣ ነበር። ሁለቱ እጅ አንለቅም ብለው በአንድ በአንድ እጃቸው በሉ። የእሾሁ ነገር ስላስጨነቃት ባለቤቴ ልታጎርሳት ስትል ትልቋ ቀደመቻት። ሥጋውን በጣቶቿ ጫፍ ፈትሻ፣ እሾሁን አንድ በአንድ ለቅማ፣ የተፈተሸውን ለልጄ አጎረሰቻት። የምታይ እናት ከዚያ የበለጠ አታጠራውም።

ስንመለስ ልጄ ደክሟት የምትተኛ መስሎኝ ነበር። መቂን አልፈን የመምህሯን እጅ ፈለገችና አንድ ነገር ደጋግማ ትላት ጀመር። መምህሯ መለሰችላት። ደግማ ጠየቀች።

"'እንደ እሷ ሌላ አለ?' ነው የምትለኝ" አለችን መምህሯ።

"ምን አልሻት?"

"'ብዙ' አልኳት።"

ልጄ ያንን ይዛ ጉንጯን ከመስኮቱ ጋር አስጠግታ ረጅም መንገድ ሄደች። ከዚያ ተመልሳ አንድ ነገር ጠየቀች፤ መምህሯ እየሳቀች ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

"'የት?' አለችኝ። ይህንን እንግዲህ በምን ልመልስላት?"

እኔ ያኔ የማስበው ሌላ ነበር። ልጄ እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ላይ እንደ እሷ ያለ እሷ ብቻ ናት ብላ ታስብ ነበር? ወይስ ሁላችንም እንደ እሷ በጨለማ በእጃችን የምንፈልግ፣ እኛ ግን ፈልጎ ማግኘቱን ከእሷ የተሻልንበት ይመስላት ነበር? እሷን የምጠይቅበት እጅ አልነበረኝም። በዚያው ሳምንት መምህሯን እኔንም እንድታስተምረኝ ለመንኳት። መሪ የለመደ ጣት ለምልክት ደንዳና ነው፤ ቢሆንም ተማርኩ።

ዛሬ ልጄ በነጭ ዱላዋ ትምህርት ቤቷ ድረስ ትሄዳለች፤ እናቷ ከኋላ ትከተላታለች፣ ሳትነካት። ብሬል ቀስ እያለች ማንበብ ጀምራለች። ነገሩ ሁሉ አልተስተካከለም፤ መምህሯ ስትወልድ ለወራት የሚተካት ጠፍቶ ልጃችን ቤት ውላለች። የአዳሚ ቱሉዋ ልጅ በበዓል ሰሞን ከአባቷ ጋር ትመጣለች፣ እኛም በኢድ እንሄዳለን።

ባለፈው ሳምንት ከጉዞ ስመለስ ባለቤቴ ተቆጥታ አገኘኋት። ለእንግዳ ያስቀመጠችው ማንጎ ተበልቷል። ልጄ አጠገብ ተቀመጥኩና እጄን ከእጇ ሥር አስገብቼ "ማንጎውን ማን በላው?" አልኳት። ትንሽ አሰበች። ከዚያ ረጋ ብላ ጆሮዬን ቆንጠጥ አደረገችኝ፤ ወንድሟ ነው ማለቷ ነው። ወንድሟ ግን ሁለት ቀን ሙሉ አክስቱ ቤት ነበር፤ የማንጎው ጭረት ደግሞ አሁንም በጥርሷ መሀል ነበር።

ባለቤቴ ከበሩ "ምን አለችህ?" አለች።

"ዋሸችኝ" አልኳት። "አስባ፣ ሰው መርጣ፣ ዋሸችኝ።"

ባለቤቴ ቁጣዋን ትታ አጠገባችን ቁጭ አለች። "እስቲ ደግመህ ጠይቃት" አለችኝ።